በአዲስ አበባ የጉዳይ ማስፈጸምና የመላላክ አገልግሎት እንዴት ይጀመራል?

ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ የምትኖር ሴት ለእናቷ የደም ግፊት መድኃኒት የሚገዛላት፣ የልደት ምስክር ወረቀቷን የሚያወጣላት፣ ያስጀመረችውን ቤት ሄዶ የሚያይላት ሰው ትፈልጋለች። ዘመድ አለ፤ ዘመድ ግን የራሱ ሥራ አለው፣ ይሉኝታም አለ፣ የላኩት ገንዘብ የት እንደገባ መጠየቅም ይከብዳል። እዚሁ ከተማ ያለ ተቀጣሪም ለአንድ ማኅተም ብሎ ግማሽ ቀን ፈቃድ መጠየቅ ሰልችቶታል። ለእነዚህ ሰዎች ተላልኮ፣ በሕጋዊ ፈቃድና በደረሰኝ ሠርቶ መኖር ይቻላል። ለመጀመር ብዙ ካፒታል አያስፈልግም። ስልክ፣ አንድ ክላሰር፣ የከተማውን መንገድና የቢሮዎቹን ጠባይ ማወቅ ይበቃል። የሚከብደው ሰው ገንዘቡን፣ ሰነዱንና ወላጆቹን አምኖ እንዲሰጣችሁ ማድረጉ ነው። ከዚህ በታች ስለ ውክልናና ስለ ገንዘብ አያያዝ ረዘም ያለ ነገር የሚነገረውም ለዚህ ነው።

ምን ትሠራላችሁ፣ ምን አትነኩም

"ማንኛውንም ጉዳይ እናስፈጽማለን" ብሎ መጀመር ያከስራል። ዛሬ ሳሪስ ቧንቧ ሠራተኛ ፍለጋ፣ ነገ አራት ኪሎ ማኅተም ፍለጋ የሚሮጥ ሰው የትኛውንም ቢሮ በቅጡ አያውቅም። ሦስት ወይም አራት ዓይነት ሥራ ምረጡና በእነሱ ላይ ተካኑ።

መብራትና ውኃ መክፈልን ዋና ሥራችሁ አታድርጉት። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ደንበኛው ይህን ከአልጋው ሳይነሳ መጨረስ ይችላል። ፈላጊ ያለው የሰው መገኘት ግድ የሚልበት ጉዳይ ነው፦ ሰነድ ማውጣትና ማረጋገጥ፣ አረጋውያንን ሐኪም ቤት ማድረስና መድኃኒት መግዛት፣ ከመርካቶና ከሽሮ ሜዳ ገዝቶ መላክ፣ ዝግ ቤትና ግንባታ መከታተል።

የማትነኩትን ደግሞ ከመጀመሪያው ለደንበኛ ተናገሩ። በክፍያ ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከርና የሕግ ሰነድ ማዘጋጀት በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ፈቃድ ያለው ጠበቃ ሥራ ነው። ከጉምሩክ ዕቃ ማስለቀቅ ፈቃድ ያለው የጉምሩክ አስተላላፊ ሥራ ነው። ሁለቱንም ለባለሙያው አስረክባችሁ እናንተ ወረቀት ማድረስና ቀጠሮ መከታተል ትችላላችሁ። ባለቤቱ ራሱ መቅረብ ያለበትን ነገር፣ ለምሳሌ የፓስፖርት ወይም የፋይዳ አሻራ መስጠትን፣ "እኔ አደርግልሃለሁ" ብላችሁ ገንዘብ አትቀበሉ። በዚህ ላይ ልትሸጡ የምትችሉት ቀጠሮ ማስያዝን፣ ሰነድ ማሟላትንና አብሮ መሄድን ብቻ ነው።

ፈቃድና ግብር

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው። ምዝገባው በኢትሬድ፣ ማለትም በመንግሥት የንግድ ምዝገባ ድረ ገጽ፣ በኩል ይጀመራል፤ የሚቀረውን ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ያያል። ፈቃድ የሚሰጠው በመደብ ስለሆነ ሥራችሁን በሁለትና በሦስት መስመር ጽፋችሁ ውሰዱና ባለሙያው ቅርብ የሆነውን መደብ እንዲያመለክታችሁ ጠይቁ። "የጉዳይ ማስፈጸም" የሚለው ቃል ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሰው ሳምንት ሙሉ ይመላለሳል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ መታወቂያ፣ ፎቶግራፍና የአድራሻ ማረጋገጫ አዘጋጁ። አድራሻው የተከራያችሁት ክፍል ከሆነ ውሉ የተረጋገጠ መሆን አለበት።

ብቻችሁን የምትጀምሩ ከሆነ የግለሰብ ነጋዴ ምዝገባ ይበቃል። የብዙ ደንበኞች ገንዘብና ሰነድ በእጃችሁ ማለፍ ሲጀምር በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የተፈቀደውን ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አስቡበት። የማኅበሩ ዕዳና የእናንተ ቤት ንብረት ይለያያሉ። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። የመጨረሻውን ሳምንት መጠበቅ ማለት ለራሳችሁ ጉዳይ ተሰልፋችሁ የደንበኛ ቀጠሮ ማሳለፍ ማለት ነው።

ግብር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ደንበኛ 40,000 ብር ለግዢ፣ 3,000 ብር ለአገልግሎት ቢልክ ገቢያችሁ 3,000 ብሩ ነው። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ሒሳብ ገብቶ የግዢው ደረሰኝ ካልተያዘ 40,000 ብሩን "ገቢዬ አይደለም" ብላችሁ የምታስረዱበት ወረቀት የላችሁም። ስለዚህ የግዢ ደረሰኝ ሁሉ በደንበኛው ስም ይቆረጥ፤ የእናንተ ደረሰኝ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያውን ብቻ ይያዝ።

ውክልና፦ ጠበብ ያለው ይሻላል

ከደንበኛ ጋር የሚደረግ ስምምነት ሁለት ዓይነት ነው። ለግዢና ለመላላክ አንድ ገጽ የአገልግሎት ውል ይበቃል። በደንበኛው ስም መፈረም፣ ሰነድ መረከብ ወይም ማመልከቻ ማስገባት ካለ ግን ውክልና ያስፈልጋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን በአንቀጽ 2204 እና 2205 ይለየዋል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ለመታረቅ ወይም ለመክሰስ ልዩ ውክልና ተጽፎ መሰጠት አለበት። ብዙ ደንበኛ ከውጭ ሆኖ "ሁሉንም የሚያደርግ ውክልና ልላክልህ" ይላል። አትቀበሉ። ውክልናው በሰፋ ቁጥር ነገ በቤተሰቡ መካከል ክርክር ሲነሳ ስማችሁ አብሮ ይነሳል። "የልደት ምስክር ወረቀቴን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያወጣ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንዲያረጋግጥና እንዲረከብ" የሚል፣ ሥራው ተዘርዝሮ የሚያልቅበት ጽሑፍ እናንተንም ደንበኛውንም ይጠብቃል። መሸጥና መለወጥ ያለበትን ውክልና ለቤተሰብ ወይም ለጠበቃ ተዉት።

ደንበኛው አዲስ አበባ ካለ ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይሰጣል። ውጭ ካለ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያሠራል፤ በሚኖርበት አገር ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ከፈረመም የአገሩ ባለሥልጣንና ኤምባሲያችን ያረጋግጡታል። እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። ይህን ቅደም ተከተል ዘሎ በቀጥታ ወረዳ የወሰደው ሰው ይመለሳል።

ውክልናው ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስመልሰው የስም ጉዳይ ነው። ደንበኛው በውጭ ፓስፖርቱ ሁለት ስም ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ እዚህ ያለው ሰነድ ደግሞ እስከ አያት ይጽፋል። "ኃይለማርያም" አንዱ ጋ ተያይዞ፣ ሌላው ጋ ተለያይቶ ይጻፋል። ወደ ኤምባሲ ከመሄዱ በፊት ረቂቁን በስልክ አስልኩና ከመታወቂያው፣ ከካርታው ወይም ከትምህርት ማስረጃው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የእናንተም ስም እንደ መታወቂያችሁ እስከ አያት ይጻፍ። ይህች የአሥር ደቂቃ ሥራ ኤምባሲ ድረስ ሁለተኛ ጉዞ ታስቀራለች። ወካዩ ከሞተ ደግሞ በመርህ ደረጃ ውክልናው ያበቃል፤ "ቀብሩ ሳይሰማ ቶሎ እንጨርስ" የሚል ዘመድ ሲመጣ በዚያው ሰዓት ሥራ አቁሙ።

የደንበኛ ገንዘብ

ሁለት የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ አንዱ የደንበኞች ገንዘብ ብቻ የሚገባበት፣ ሌላው የራሳችሁ። የአገልግሎት ክፍያችሁ ጉዳዩ አልቆ መግለጫ ከተላከ በኋላ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይዛወራል። የቤት ኪራይ በደረሰበት ቀን ከደንበኛ ሒሳብ "ለጊዜው" የተወሰደ ገንዘብ ይህን ሥራ ከሚዘጉ ነገሮች ቀዳሚው ነው። የአንዱን ደንበኛ መድኃኒት በሌላው ደንበኛ ብር መግዛት ይጀመራል፤ አንዱ ሲዘገይ ሁሉም ይናዳል።

በዚያው ምክንያት ከኪሳችሁ አውጥታችሁ አትግዙ። "ገዝተህ ቆየኝ፣ ሰኞ እልካለሁ" ለሚል፣ ቤተሰብ ቢመስልም፣ መልሱ "ገንዘቡ እንደገባ በዚያው ቀን እገዛለሁ" ነው። ደንቡ፦ የግዢው ሙሉ ገንዘብና የአገልግሎቱ ግማሽ አስቀድሞ ይገባል።

ገንዘብ መግባቱን በምስል አታረጋግጡ። የቴሌብርና የባንክ መልእክት ፎቶ በቀላሉ ይቀነባበራል። ሒሳባችሁን ከፍታችሁ ቀሪውን ሳታዩ ከሱቅ ደጃፍ አትነሱ። ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው የሐዋላ ድርጅት በኩል ብቻ ይምጣ። "ዶላሩን ለወንድምህ እዚህ ልስጠው፣ አንተ ከራስህ ብር ተጠቀም" የሚለው ጥያቄ ቅን ሊመስል ይችላል፤ ግን ከባንክ ውጪ የሚደረግ የውጭ ምንዛሪ ንግድ ውስጥ ያስገባችኋል።

ለእያንዳንዱ ጉዳይ ቁጥር ስጡትና ሲያልቅ እንዲህ ያለ አጭር መግለጫ ላኩ፦ "ጉዳይ 017። የተላከ 15,000 ብር። መድኃኒት 4,320፤ ላቦራቶሪ 2,150፤ ታክሲ 640፤ ፎቶ ኮፒ 40። ጠቅላላ ወጪ 7,150። የአገልግሎት ክፍያ 1,800። ቀሪ 6,050 ብር፤ ይመለስ ወይስ ለሚቀጥለው ይያዝ?" ከሥሩ የደረሰኞቹ ፎቶ በቅደም ተከተል ይያያዛል። ደረሰኝ የሌለው ወጪ፣ እንደ ሚኒባስና ተሸካሚ ያለው፣ በራሳችሁ የወጪ ወረቀት ላይ ቀን፣ መነሻና መድረሻ ተጽፎበት ይፈረማል። ለዚህ ዓይነቱ ወጪ የቀን ጣሪያ በውሉ ላይ ይቀመጥ። ደንበኛው ስለ 40 ብሯ አይጨነቅም፤ እሷ መጻፏን ሲያይ ግን 4,320ውን ያምናል።

ከሻጭ የሚሰጥ ኮሚሽን አትውሰዱ። ሕጉ ወኪል ወካዩ ሳያውቅ ከሥራው ጥቅም እንዳያገኝ ይከለክላል። ሻጩ ቅናሽ ከሰጠ ቅናሹ የደንበኛው ነው። ቢሮ ውስጥ "ሻይ" ሲጠየቅም እንዲሁ አቋም ይኑራችሁ። መስጠትም መቀበልም በአዋጅ ቁጥር 881/2007 ወንጀል ነው። በዚያ ላይ መግለጫው ላይ ሊጻፍ የማይችል ወጪ ወይ ከኪሳችሁ ይወጣል፣ ወይ በሐሰት ይጻፋል፤ ሁለቱም ሥራውን ይገድላሉ። ለደንበኛው "በሕጋዊው መንገድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል" ማለትን ልመዱ። አንዳንዱ ይሄዳል፤ ይሂድ።

ዋጋ አወጣጥ

ዋጋን በጎረቤት ወሬ አታውጡ፤ ከራሳችሁ ሰዓት ተነሱ። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ልክ እየቀየራችሁ ይህን ስሌት ተጠቀሙ። በወር 25,000 ብር ለራሳችሁ ማግኘት ትፈልጋላችሁ እንበል። ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ የቢሮ ጥግና የሒሳብ ሠራተኛ 8,000 ብር ይፈጃሉ። ድምሩ 33,000 ነው። በወር 22 የሥራ ቀን ቢኖር ክፍያ የሚጠየቅበት ሰዓት በቀን ከአምስት አይበልጥም፤ ቀሪው ስልክ ማንሳት፣ መግለጫ መጻፍና የማይከፈልበት መንገድ ነው። 110 ሰዓት ማለት ነው፤ 33,000 ለ110 ሲካፈል 300 ብር ይመጣል። ለግብርና ባዶ ለሚውሉ ቀናት 20 በመቶ ስትጨምሩ በሰዓት 360 ብር ይሆናል። ከአያት ተነስቶ መርካቶ ገዝቶ የሚመለስ የአራት ሰዓት ሥራ 1,440 ብርና ትራንስፖርት ይሆናል ማለት ነው።

ለደንበኛው ግን በሰዓት አትንገሩት፤ ሰዓቱን ሊቆጥር አይችልምና ይጠራጠራል። በጉዳይ ቁረጡለት፦ የሰነድ ማረጋገጥ ይህን ያህል፣ የሐኪም ቤት ቀን ይህን ያህል፣ ወርኃዊ የወላጅ ጉብኝት ይህን ያህል። ከግዢ ዋጋ ላይ በመቶኛ መውሰድን ተዉ፤ ውድ ዕቃ እንድትገዙ ይገፋፋችኋል፣ ደንበኛውም ያንን ያውቃል።

"ሲስተም የለም" ተብሎ የተመለሱበትን ቀን ማን ይከፍላል? ይህ በውሉ ላይ ካልተጻፈ በየወሩ ይጣሉበታል። ፍትሐዊው አከፋፈል ይህ ነው፦ ችግሩ ከቢሮው ከሆነ ደንበኛው የጉዞውን ግማሽ ይከፍላል፤ ደንበኛው ሰነድ ካጎደለ ሙሉውን ይከፍላል፤ እናንተ ሳታጣሩ ከሄዳችሁ ሁለተኛው ጉዞ በእናንተ ነው። ክፍያው ለድካሙ እንጂ "ለተሳካ ጉዳይ" እንዳልሆነም ይጻፍ።

ቢሮ የሚኬድበት ቀን

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት ከ7፡30 እስከ 11፡30 ይሠራል። ዓርብ የምሳው እረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሚሆን በዚያ ቀን ሁለት ቢሮ የሚነካ ጉዳይ አትያዙ። ሰልፍ ያለበት ቦታ 1፡30 ላይ ድረሱ። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ለሰነድ ይመረጣሉ፤ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ይበዛዋል። በሐምሌ ግብር ከፋዩ ገቢዎች ላይ ስለሚጎርፍ የግብር ክሊራንስ ጉዳይ ያለው ደንበኛ በግንቦት እንዲጀምር አስጠንቅቁ።

ጉዳዮችን በደረሱበት ቅደም ተከተል አትሂዱባቸው፤ በአቅጣጫ አቧድኑ። ጠዋት ሜክሲኮ ያለ ጉዳይ ከፒያሳ ጋር ይጣመራል፤ መገናኛና ሲኤምሲ በሌላ ቀን ይሄዳሉ። በራይድ ወይም በፈረስ ታክሲ መሄድ የሚገባው ዋና ሰነድ፣ አረጋዊ ወይም ከባድ ዕቃ ሲኖር ነው። ሞተር ሳይክል ለመጠቀም ያሰበ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በፈቃድ የተገደበ መሆኑን ያስታውስ፤ ያለ ፈቃድ የተያዘ ሞተር የደንበኛውን ሰነድም ይዞ ይቆማል።

በክላሰሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ጉዳይ፦ ዋናው ሰነድ፣ ሁለት ፎቶ ኮፒ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የውክልናው ዋናና ኮፒ፣ የእናንተ መታወቂያ ኮፒ። ሰማያዊ እስክርቢቶ ሁለት ያዙ። ዋናውን ሰነድ ቢሮ ውስጥ ስትተዉ የገባበትን ቁጥር፣ ቀንና የክፍሉን ቁጥር ጽፋችሁ ውጡ። "ነገ ና" ያለው ሠራተኛ ነገ ላይኖር ይችላል፤ ቁጥሩ ግን መዝገቡ ላይ አለ።

ቀንና ሰዓት የሚያምታታው ከውጭ ደንበኛ ጋር ነው። "3 ሰዓት" ስትሉ እሱ ከሰዓት ይመስለዋል፤ "ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በእናንተ አቆጣጠር 9 ኤኤም" ብላችሁ ጻፉ። ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። የልደት ቀን በዓ.ም. እና በእ.ኤ.አ. ሁለቱም ይጻፍ፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሆነ በጥድፊያ የተቀየረ ቀን ለኤምባሲ የቀረበ ማመልከቻን ያስጥላል።

ለወላጆች መላላክ

የሚከፍለው ልጅ ነው፤ የምታገለግሏቸው ግን እናትየዋን ነው። የመጀመሪያ ቀን ልጅቷ በስልክ አገናኝታ ታስተዋውቃችሁ እንጂ በሩን ብቻችሁን አታንኳኩ። እማማ ወይም በለመዱት ስማቸው ጥሯቸው፤ ያልፈለጉትን ምርመራ "ልጅዎ ከፍላበታለች" ብላችሁ አታስገድዱ።

ለሐኪም ቤት ቀን ቀደም ብላችሁ የድሮ ካርዳቸውንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያ በአንድ ፌስታል አዘጋጁ። የጾም ስኳር ምርመራ ካለ ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት አለባቸው፤ ቁርስ አብልቶ የወሰደ ሰው የሚመለሰው ባዶ እጁን ነው። ስኳር በሽተኛ ከሆኑ ደም እንደተሰጠ የሚበላ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ያለውን በራሳችሁ ቋንቋ አትተርጉሙ፤ ማዘዣውንና የላቦራቶሪ ውጤቱን ፎቶ አንሱ፣ ከተቻለ ልጅቷን በስልክ አገናኙ።

መድኃኒት ሲገዛ ስሙ ብቻ አይበቃም፤ ሚሊግራሙን፣ የፍሬውን ብዛትና የማብቂያ ቀኑን አይታችሁ ፎቶ ላኩ። ፋርማሲው ሌላ ስም ያለው ምትክ ከሰጠ ለሐኪሙ ሳይደወል አይገዛ። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። በማቀዝቀዣ ቦርሳ ሲጓዝ በረዶውን በፎጣ ጠቅልላችሁ ለዩት፤ በረዶ የነካውና የቀዘቀዘ ኢንሱሊን ውኃ መስሎ ቢቀልጥም ኃይሉ ተበላሽቷል፣ በዓይን ግን አይለይም።

ገዝቶ መላክ

በርበሬ ብዙ ደንበኛ የሚያመጣ፣ ብዙ ጥርጣሬም የሚያስነሳ ሥራ ነው። አሥር ኪሎ ዛላ ተገዝቶ አሥር ኪሎ ዱቄት አይደርስም። ሲቀነጠስ የሚወጣው ጉቶና ውስጡ ያለው እርጥበት ይቀንሳል፤ ቅመሙ ደግሞ ይጨምራል። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ሚዛን ላይ ፎቶ አንሱ፦ ዛላው ሲገዛ፣ ተቀንጥሶ ከደረቀ በኋላ፣ ተፈጭቶ ሲመጣ። ከወፍጮ ትኩሱን የወጣ በርበሬ በዚያው ሰዓት ከታሸገ ውስጡ ያልበዋል፤ በሳምንት ውስጥ ይሻግታል። ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ይደር፣ ከዚያ በድርብ ፕላስቲክ ታሽጎ በካርቶን ይግባ። በላዩ ላይ የዕቃው ስም በእንግሊዝኛ ይለጠፍ።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ በግል የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገቡም። ንጥር ቅቤና ቋንጣ ለጀርመን ወይም ለጣሊያን ደንበኛ አትቀበሉ፤ ቋንጣ ወደ አሜሪካም አይላክ። ደንበኛው "ሌላ ሰው ልኮልኛል" ቢልም ሲወረስ የሚወቀሰው ላኪው ነው።

ከሽሮ ሜዳ ለሚታዘዝ ቀሚስ ቁመት፣ ደረት፣ ወገብና እጅጌ በሴንቲሜትር ተቀበሉ፤ "ሚዲየም" የሚባል ልክ ሸማኔው ጋ የለም። ለጥምቀትና ለፋሲካ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይታዘዝ።

የግንባታ ክትትል

እዚህ ላይ የምትሸጡት መቁጠርና ማሳየትን ነው፤ የጥራት ምስክርነት የመሐንዲስ ነው፣ ይህም በውሉ ይጻፍ። ሲሚንቶ በኩንታል ይጠራል እንጂ ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው፤ ሃያ ኩንታል ሲባል አርባ ከረጢት መውረድ አለበት። ባለ 12 ፌሮ 12 ሜትር ርዝመት ካለው 10.65 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሁለት ሦስቱን መዝናችሁ ዘጠኝ ኪሎ ከመጣ ቀጭን ነው፣ ሳይወርድ አስቁሙ። አሸዋ በቢያጆ ሲመጣ የመኪናውን ጭነት ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ለኩ፤ የሁለት መኪና "ቢያጆ" እኩል አይደለም።

በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ፣ ከበሩ ጀምራችሁ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ። ካለፈው ሳምንት ጋር ጎን ለጎን የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ከግንበኛው ጋር ስለ ክፍያ አትደራደሩ፤ የተቆጠረውን ለባለቤቱ ላኩ፣ እሱ ይወስን።

ደንበኛ ማግኘትና ሰው መጨመር

የመጀመሪያ ደንበኞች ከቲክቶክ አይመጡም፤ ከዕድር፣ ከሰንበቴ፣ ከመስጊድ ጎረቤትና ከድሮ ክፍል ጓደኛ ይመጣሉ። የማያውቃችሁን ሰው ትልቅ ጉዳይ አትጠይቁት፤ "አንድ ትንሽ ነገር ላኩኝ፣ መግለጫውን ተመልከቱ" በሉት። በዚያ ሰው ቤተሰብ ቡድን ውስጥ መግለጫው ከተዘዋወረ ማስታወቂያው ያ ነው። በቴሌግራም ቻናል ላይ የምታወጡት ነገር የየቢሮው መስፈርት ዝርዝር ቢሆን ይመረጣል፤ የደንበኛ ሰነድ ግን፣ ስሙ ተሸፍኖም ቢሆን፣ አይለጠፍ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ባይኖርም የሰው መታወቂያ በስልካችሁ ጋለሪ ከልጆቻችሁ ፎቶ ጋር መቀመጥ የለበትም።

በቀን ከአራት በላይ ጉዳይ ሲደርስና ሁለተኛ ሰው ሲያስፈልግ ተያዥ ያለው፣ መታወቂያው የተመሳከረ ሰው በጽሑፍ ውል ቅጠሩ። ተላላኪው የግዢ ገንዘብ ይያዝ እንጂ ከደንበኛ በራሱ ሒሳብ ገንዘብ አይቀበል፤ ይህን ለደንበኞችም ጻፉላቸው። ሠራተኛው ሲለቅ በዚያው ቀን ስሙን ጠቅሳችሁ ለሚያውቁት ደንበኞች አሳውቁ፤ በስሙ የተሰጠ ውክልና ካለ ደንበኛው በሰነዶች ማረጋገጫ እንዲሽረው አድርጉ፣ የያዘውን የቤት ቁልፍና ዋና ሰነድ ደግሞ በዝርዝር ተፈራርማችሁ ተረከቡ።